ሁለቱም እግሮች ደህና ናቸው

«ሁለቱም እግሮች ይሞቃሉ፤ ቆዳቸው ጤናማ ነው፤ የደም ዝውውራቸው ጥሩ ነው።» መምህሩ ይህን ያነበቡት ከራሳቸው ፋይል ላይ ነው። የጎን አልጋው ሹፌር ከግርጌያቸው አንስቶ አቀብሏቸው፣ አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ሲያነቡ እንደኖሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ነጥቡ ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ እየወሰዱ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና «እሰይ! ቀኝ እግሬ ከዳነልኝ እንግዲህ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቀው ከርሜ፣ አሁን በምን ፊቴ አየዋለሁ?» አሉ። ስድስት አልጋ ያለው ክፍል በሳቅ ተናጋ። ሹፌሩ ሳሉ ተነሳበትና ደረቱን ይዞ «ኧረ በፈጠረዎት ይተዉኝ መምህር፣ ይገድሉኛል!» እያለ ተንፈራገጠ።

ከመጋረጃው ማዶ የሌላ በሽተኛ ትንፋሽ ትቆጥር የነበረችው ሐኪምም ሳቀች፤ ቁጥሩም ጠፋባት። በዚህ ሆስፒታል አሥራ አራት ዓመት አስተምራለች። በሽተኛ የሚስቅበት ክፍል ጥሩ ክፍል ነው ብላ ታምናለች። መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና «ምንድን ነው መምህር፣ ማንን ነው የሚያሙት?» አለች። እሳቸውም ፋይሉን እንደ ደብተር ዘርግተው አሳዩአት። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች በስኳር በሽታ ምክንያት የተቆረጠው ሌላ ሆስፒታል ነው፤ ሰኞ ዕለት እዚህ የገቡት ስኳራቸው ከልክ በላይ ወጥቶ ነው። ሐኪሟ እየሳቀች፣ ለጨዋታው ያህል፣ «እስቲ ግራውስ አለ ወይስ እሱም ሄዷል?» ብላ የብርድ ልብሱን ጫፍ አነሳች። ወፍራም ግራጫ ካልሲ አድርገዋል። ሳብ አድርጋ አወለቀችው። ሽታው ከዓይኗ ቀደመ። ተረከዙ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ነገር ተቀምጧል፤ ዙሪያው ቀልቷል፤ በጣቷ ጫን ስትለው ከሥሩ ውሃ መሰል ነገር ብቅ አለ።

«ያምዎታል?» አለች።

«የቱ?» አሉ መምህሩ።

ሳቁ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዛመተ እንደመጣ ሁሉ ከአልጋ ወደ አልጋ ጠፋ። ሐኪሟ ፋይሉን ወስዳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፤ ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው እጅ ጽሕፈት። ክብ ክብ፣ ደቃቅ፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ጽሕፈት ነው። ቤቷ ማቀዝቀዣ በር ላይ «ወተት አልቋል» ብሎ የሚለጠፈውም ይኸው ጽሕፈት ነው። ከያንዳንዱ ገጽ በታች ደግሞ የበላይ ሐኪም ፊርማ አለ፤ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ በነርስ ትሪ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ከሌላ ሰው ጋር እያወራች የፈረመችው የራሷ ፊርማ። ፋይሉን ዘጋችው። ለቀዶ ሐኪሞቹ ደወለች፣ ምርመራ አዘዘች፣ እግሩ ትራስ ላይ ከፍ እንዲል አደረገች። ይህን ሁሉ ስታደርግ እጇ ልማዱን ያውቃል።

ጽሕፈቱ የእህቷ ልጅ ነው። ሦስቱ፣ ታላቅ እህቷ፣ የእህቷ ልጅና እሷ፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሁለት መኝታ ቤት ይኖራሉ። ታላቅ እህቷ ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ነው ሐኪም ያደረገቻት፤ ልጇ ደግሞ አክስቷን አይታ ሕክምና ገባች፤ አሁን የመጨረሻዋን የልምምድ ዓመት ልትጨርስ አንድ ወር ቀርቷታል። ሆስፒታል ውስጥ «ዶክተር» እና «እርስዎ» ይባባላሉ፤ ይህም የራሷ የልጅቷ ሐሳብ ነበር፣ «አክስቷ አሳለፈቻት» እንዳይባል። ቤት ሲገቡ ደግሞ ስለ ሆስፒታል አይወራም። ይህን ማን እንደደነገገው ማንም አያስታውስም።

ሐኪሟ ያን ዕለት ክፍሏ ውስጥ መዋል አልቻለችም። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የቤተ መጻሕፍቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ስልጠና አለ፤ ዲኑ በፈረመው ደብዳቤ «መገኘት ግዴታ ነው» ተብሏል። የስልጠናው ርዕስ ለጀማሪ ሐኪሞች በሙያ ሥነ ምግባር ላይ እንዴት ግብረ መልስ እንደሚሰጥ ነው። ደብዳቤው የደረሳት ቀን ስቃ ነበር፤ ግብረ መልስ ለመስጠት ስልጠና ያስፈልጋል እንዴ፣ አፍ ካለ አይበቃም? ዛሬ ወደዚያ ስትሄድ በድንገተኛ ክፍል በኩል አቋረጠች። በመስታወቱ በር በኩል የእህቷ ልጅ ትታያለች፤ ፀጉሯን በብዕር ጠቅልላ ሰክታ፣ የአንዲት ሴት ክንድ ላይ ጎንበስ ብላ የደም ሥር ትፈልጋለች። ዛሬ ተረኝነቷ እዚህ ነው፤ ከሌሊት ጀምሮ ቆማለች። ሐኪሟ እጇን በሩ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ አነሳችውና ደረጃውን ወጣች። አሳንሰሩ እንደ ወትሮው ተበላሽቷል።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። የክበቡ ነገር ማንንም ደስ አላሰኘም፤ ሐኪሞች የኋላ ወንበር ይወዳሉ። ጥግ ላይ ሻይና ደረቅ ብስኩት አለ፤ ታች ሻይ ቤት ዋጋ በወር ሁለት ጊዜ ስለጨመረ ብስኩቱ ከሰዓቱ ቀድሞ አለቀ። አሰልጣኟ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። «ያያችሁትን ተናገሩ እንጂ በሰውየው ላይ አትፍረዱ» አለች። «‹ሰነፍ ነህ› ፍርድ ነው። ‹በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ አርፍደሃል› ያያችሁት ነው። ያያችሁትን ከተናገራችሁ በኋላ ጠይቁ፤ ጠይቃችሁ ደግሞ ዝም በሉ።» ከሐኪሟ አጠገብ የተቀመጠው የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ሁሉም «አጥንቱ» የሚሉት ግዙፍ ሰው፣ «እኛ ስንማር ግብረ መልስ መቀስ ነበር፤ በአየር ላይ ነው የሚመጣልህ» አለና አዳራሹን አሳቀው። አሰልጣኟም ሳቀች፤ «ታዲያ ምን ተማሩበት?» ስትለው ግን አጥንቱ ትንሽ አሰበና «ጎንበስ ማለት» አለ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ብዕሯን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስልክ ልትደውል ወጣች፤ ሦስቴም ቀዶ ሐኪሞቹ ገና አልመጡም ተባለች። አንዴ ተመልሳ ስትቀመጥ አሰልጣኟ ወረቀት ታድል ነበር፦ «አይታችሁ በዝምታ ያለፋችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ማንም አያነበውም፤ ስትጨርሱ ቅደዱት።» ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ፤ እንዲህ ብዙ ሰው ብዙ የሚጽፈው ነገር ይኖረዋል ብላ አልጠበቀችም። እሷ ብዕሯን አንስታ «ሳላነብ» ብላ ጻፈች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል እምቢ አላት። ወረቀቱን ስምንት ቦታ ቀዳ ኪሷ ከተተችው።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ መምህሩን አይቶ ሲወጣ በር ላይ አገኘችው። «ነገ ጠዋት ተረከዙን እንከፍተዋለን። የውስጡ አጥንት ካልተነካ እግሩ ይተርፋል። ከተነካ ግን…» አለና ትከሻውን አነሳ። ጓንቱን እያወለቀ «የሚያናድደው፣ ከሦስት ቀን በፊት ቢታይ በፋሻና በትራስ ያልቅ ነበር። ማን ነበር የሚያያቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሟ «የኔ ክፍል ነው» አለች። የጠየቀው እሱን አልነበረም። እሱ ግን ተቻኩሎ ነበርና ሄደ።

የክፍሉ ነርሶች አለቃ፣ ሁሉም በደፈናው «ሲስተር» የሚሏት፣ ይህን ስትሰማ ነበር። ሐኪሟን በክንዷ ይዛ ወደ መድኃኒት ማስቀመጫው አስገባቻትና በሩን ገርበብ አደረገችው። ሲስተር ክፉ ሰው አይደለችም፤ የልጅቷን እግር ማበጥ አይታ ወንበር የምታቀርብላት እሷ ናት። «ዶክተር፣ እኔ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም። ግን እዚህ ቤት ስንት ወረቀት ነው የሚጠፋው? ሰው እንኳ ይጠፋል! ሦስት ገጽ ናት። ልጅቷ አንድ ወር ነው የቀራት። እርስዎንም ለክፍል ኃላፊነት እንዳጩዎት ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«መምህሩ እኮ ጮክ ብለው አንብበውታል።»

«ሽማግሌ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ቀለደ ይባላል። ማን ከማን ጋር ሊጣላ?»

ሐኪሟ በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ፋይሉን ከሲስተር ጠረጴዛ ላይ አነሳችና «እኔ ጋ ይቆይ» ብላ በብብቷ ይዛ ወጣች። ይህ ክልክል እንደሆነ ራሷ በየዓመቱ ለአዲስ ገቢዎች ታስተምራለች። ምሳ አልበላችም። በግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱን አልፋ፣ የሬሳ ክፍሉን አልፋ፣ የቆሻሻ ማቃጠያው ጋ ደርሳ ቆመች። የማቃጠያው ሠራተኛ ቀና ብሎ ፋይሉን አየና «የሚቃጠል ነው ዶክተር?» አላት፣ በትህትና። «አይ፣ መንገድ ጠፍቶኝ ነው» አለችው። በአሥራ አራት ዓመት ግቢው ውስጥ መንገድ እንደጠፋት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሰውየው ግን ሳይገረም በጣቱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አመለከታት።

ከሰዓት በኋላ ጥንድ ጥንድ ሆኑ። አሰልጣኟ የሚና ልምምድ አለችው፤ አጥንቱ «ድራማ ነው በሉን» አለ። አንዱ አስተማሪ፣ ሌላው ጀማሪ ሐኪም ይሆናል። ለየጥንዱ በተሰጠው ወረቀት ላይ አንድ ጥፋት ተጽፏል፤ የነሱ «ያልመረመረውን በሽተኛ እንደመረመረ አድርጎ የጻፈ ሐኪም» ይላል። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለበጠችው፤ የሆነ ሰው ሆን ብሎ ያደረገው መሰላት። ሌላ ጥንድም ያው ወረቀት ደርሶት «ይሄማ የሁላችን ነው» እያለ ሲስቅ ስትሰማ ግን ማንም ምንም እንዳላወቀ ገባት፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነበር። አጥንቱ ትልቅ ሰውነቱን አኮማትሮ፣ እጆቹን ጉልበቱ መሐል አስገብቶ ጀማሪ ሆነ፤ ሌሎቹ ሥራቸውን ትተው ይመለከቱት ጀመር። እሷ «ፋይሉን አየሁት፤ በሽተኛውን እንዳየኸው ጽፈሃል» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት።

«ኧረ ዶክተር፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው» አለ አጥንቱ በቀጭን ድምፅ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲጥመው ጨመረበት፦ «ደግሞስ እርስዎም ፈርመውበት የለም እንዴ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ሐኪሟ ተነሳች፤ ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ፤ ፋይሉን ይዛ ወጣች። አጥንቱ «ምን አልኩ? ጨዋታ እኮ ነው!» ሲል ይሰማታል። ደረጃው መታጠፊያ ላይ አሰልጣኟ ደረሰችባት።

«ይቅርታ፣ ልምምዱ ነው የከበደዎት ወይስ ሰውየው?»

«ልጅቷ» አለች ሐኪሟ። «የእህቴ ልጅ ናት። በኔ ክፍል ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት። እናቷ ናት ያስተማረችኝ፤ እኔን። የእህቴን እጅ አይተሽው ቢሆን… በሳሙና ያለቀ እጅ ነው።»

አሰልጣኟ ስልጠና ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ያስተማርኳችሁ ወረቀት ለዚህ አይበቃም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልበልዎት። ዛሬ ይንገሯት። ነገ ከሆነ ሌላ ሰው ይነግራታል፤ እሱ ደግሞ አይወዳትም።»

ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ የልጅቷ ተረኝነት ሊያበቃ ነው። በግሉኮስ ካርቶን የታጨቀ፣ መስኮት የሌለው ማከማቻ ውስጥ ይዛት ገባች። ልጅቷ ካርቶን ላይ ሳትቀመጥ፣ በሩ ጋ ቀጥ ብላ ቆማ «ዶክተር፣ ፈለጉኝ?» አለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ አንገቷ ላይ የሰው ደም ደርቋል። ሐኪሟ ፋይሉን ዘርግታ ካርቶኑ ላይ አኖረችው። «ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሁለቱም እግሮች ደህና ናቸው ብለሽ ጽፈሻል። መምህሩ ያላቸው አንድ እግር ነው። እሱም ተረከዙ ላይ ጠቁሯል፤ ነገ ይከፈታል። አይተሽው ነበር?» አለችና ዝም አለች። ዝም ማለቱ ከመናገሩ ይበልጥ ከበዳት።

«አይቻለሁ» አለች ልጅቷ። ከዚያ ገጹን አየች። «አይ። አላየሁም። ከሌላ በሽተኛ ላይ ገለበጥኩት። ሠላሳ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሳቸው ደግሞ ያው ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ፤ ደህና ናቸው አልኩ… እግራቸው ይቆረጣል?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም፣ እስከ ነገ።»

ልጅቷ እንደ ቆመች ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወረደች፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር፤ «እርስዎ» ማለቱም ቀረ። «ነግሬሽ ነበር እኮ። እሑድ፣ ሳህን እያጠብን። ‹አክስቴ፣ አልቻልኩም፤ ሳላያቸው የምጽፍላቸው ሰዎች አሉ› አልኩሽ። አንቺ ሳህኑን እያደረቅሽ ‹ሁላችንም አልፈንበታል› አልሽኝ። ከዚያ ስለ ውሃ ቧንቧው አወራሽ።»

ሐኪሟ ልትክድ አፏን ከፈተች። ሳህኑ ታያት። ቧንቧውም ታያት፤ የጥገናው ሰው የጠየቀው ዋጋ አናዷት እንደነበር አስታወሰች። ያለችውን ብላለች፤ ያውም ለማጽናናት አስባ ነው ያለችው። «ብለሽኛል» አለች። «ሰምቼሽ አልሰማሁሽም።»

«ጥፋቱ የኔ አይደለም እያልኩ አይደለም።»

«አዎ፣ ያንቺ ነው። የኔም አለ። የኔን እኔ ጽፌ ለዲኑ እሰጣለሁ፤ ያንቺን አንቺ ትጽፊያለሽ፣ አሁን፣ ቢሮው ሳይዘጋ። ከዚያ በፊት ግን ለመምህሩ እንነግራቸዋለን።»

«ምስክር ወረቀቴስ?»

«አላውቅም የኔ ልጅ። አላውቅም።» ሆስፒታሉ ውስጥ «የኔ ልጅ» ብላት አታውቅም። ልጅቷ በሸሚዟ እጅጌ አፍንጫዋን ጠረገችና ተነሳች።

መምህሩ እግራቸው ትራስ ላይ ተሰቅሎ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ሲያዩአቸው ሊቀልዱ ፈገግ አሉ፤ የልጅቷን ፊት አይተው ግን ጋዜጣውን አጠፉት። «መምህር» አለች ልጅቷ። «ፋይልዎ ላይ ያነበቡትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እግርዎን ሳላይ ነው የጻፍኩት። ሦስት ቀን ሙሉ። አይቼው ቢሆን ኖሮ ቁስሉ ያን ጊዜ ይገኝ ነበር።»

«ሳታይ እንዴት ጻፍሽው?»

«ገለበጥኩት።»

«ከማን?»

«ከአምስት ቁጥር።»

«ከኔ?» አለ ሹፌሩ፤ ከብርድ ልብሱ ሥር የወጡ ሁለት እግሮቹን እንደ እንግዳ ነገር አያቸው። ማንም አልሳቀም።

«አርባ ዓመት ስንት ኮራጅ ያዝኩ» አሉ መምህሩ በቀስታ። «ሁሌ የምላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ‹የምትጎዱት ራሳችሁን ነው›። ውሸቴን ነበር ለካ።» ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሩ። «ከታች ያለውስ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው መምህር። ሳላነብ ነው የፈረምኩት።»

መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲስተር በር ላይ ቆማለች፤ ለማን ማዘን እንዳለባት ግራ የገባት ትመስላለች። ሐኪሟ ይቅርታ የሚለውን ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ የእኚያን ሰው ጀርባ ስታይ ግን ቃሉ ከሳቸው ይልቅ ለራሷ የሚጠቅም መስሎ ታያት፤ ዋጠችው። «ሂዱ» አሉ መምህሩ ሳይዞሩ። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ «አንቺ ልጅ» ሲሉ ጠሩ። «እስካሁን እግሬን አይተሽው አታውቂም ማለት ነው?»

«አላውቅም።»

«ነይ እይው እንግዲህ።»

ልጅቷ እጇን ታጥባ መጣች። ፋሻው ቁስሉን እንዳይስብ እያረጠበች ፈታችው፤ ቁስሉን አየች፤ አላለቀሰችም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ለያይታ መሐላቸውን ተመለከተች፤ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ለካች፤ ከዚያ የደም ሥሩን ምት ፍለጋ ሁለት ጣቶቿን የእግሩ የላይኛው ክፍል ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሐኪሟ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ቆመች፤ መርዳት ፈልጋ ትከሻዋ አመማት። «አላገኘሁትም» አለች ልጅቷ። ጣቶቿን ጥቂት አንቀሳቀሰች። «አላገኘሁትም… ቆዩ። አለ። ደካማ ነው፤ ግን አለ።»

«አሁን ይዘሽዋል?» አሉ መምህሩ።

«ይዤዋለሁ።»

«አይታወቀኝም» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ነገ እዚያ ሲያስገቡኝ ትኖሪያለሽ?»

«ተረኛ አይደለሁም። ግን እኖራለሁ።»

ሁለቱን ደብዳቤዎች የዲኑ ጸሐፊ ተቀብላ ማኅተም አደረገችባቸው፤ አንዱን አንብባ ቀና አለች፤ ሁለተኛውን አንብባ ቀና ሳትል ቀረች። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ያን ቀን ማንም አያውቅም ነበር፤ የተረከዛቸው አጥንት እንዳልተነካ፣ ቁስሉ በሁለት ወር እንደሚሞላ፣ መምህሩ እስኪወጡ ድረስ ከሐኪሟ ጋር ከሰላምታ በቀር እንደማይነጋገሩ፣ ልጅቷ ስድስት ወር እንደሚጨመርባት፣ የክፍል ኃላፊነቱም ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ። ያን ምሽት የሚታወቀው ሐኪሟና ልጅቷ በአንድ ታክሲ፣ በአንድ ወንበር ወደ ቤት መምጣታቸው ብቻ ነው።

ታላቅ እህቷ ሾርባ ሠርታ ዳቦ ቆርጣ ትጠብቃቸው ነበር። ቴሌቪዥኑ ለራሱ ይለፈልፋል። ገና ሳይቀመጡ ልጅቷ «እማዬ፣ የምነግርሽ አለ» ብላ ነገሩን በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከልጇ ይልቅ እህቷን ነበር የምታየው።

«ደብዳቤውን አንቺ ጽፈሽ ሰጠሽ?»

«ሰጠሁ፣ እትዬ። ስለኔ የጻፍኩት ነው። እሷም የራሷን ጻፈች።»

«እማዬ፣ እሷን አትቆጪያት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ ሰማሁ። መስማት አልተሳነኝም» አለች እናትየው። ድምፅዋ አልጮኸም፤ እጇ ግን የጠረጴዛውን ልብስ ያፍተለትላል። «እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ‹ጨው አቀብዪኝ› ስትባባሉ ነው የማያችሁ። ለካ ይሄ ሁሉ በሆዳችሁ ነበር። እንድትነጋገሩ አንድ ሽማግሌ እግሩን ማስያዝ ነበረበት?»

ሾርባው ይቀዘቅዛል። ታላቅ እህቷ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች፤ ክርኖቿን ተደግፋ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየች።

«በሉ፣ አሁን ንገሩኝ» አለች። «ከመጀመሪያው። እየዘለላችሁ አይደለም።»

ልጅቷ አክስቷን አየች፤ አክስቷ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷም መምህሩ ከገቡበት ከሰኞ ጀመረች።